ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ከስድስት ልጆች ጋር አራት ሌሊት፤ ያረፍንበት ቤት እንዴት ነበር?

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀኝን ልመልስ። አዎ፣ ተመልሰን እንሄዳለን። ቤቱን ወደነዋል፣ ግቢውን ወደነዋል፣ ልጆቹ እስካሁን "መቼ ነው የምንሄደው?" እያሉ ይነዘንዙኛል። ግን ከግቢው ወደ ሐይቁ የሚያወጣ አንድ በር አለ። ስለ እሱ በር ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አይቀበለውም። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ሰዎች እዚያ ጋ ስትደርሱ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። የተዋወቅነው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ዶርም ውስጥ ነው። በ2002 ተመረቅን። ከዚያ አንዷ አዲስ አበባ ቀረች፣ አንዷ ዲላ ገባች፣ እኔ አዳማ አግብቼ ቀረሁ። በስልክ አንጠፋፋም። ግን ሦስታችንም ከነባሎቻችንና ከነልጆቻችን አንድ ጣሪያ ሥር አድረን አናውቅም ነበር። ሰርግ ላይ ተገናኝተናል፣ ክርስትና ላይ ተገናኝተናል፣ ለቅሶ ላይ ተገናኝተናል። እሱ ግን ምኑ መገናኘት ነው? ሳህን ይዘሽ ቆመሽ "ልጆቹ ደህና ናቸው?" ተባብለሽ፣ ሳትጠግቢ ነው የምትለያዪው። ስለዚህ ዘንድሮ የልጆቹን የግማሽ ዓመት እረፍት ጠብቀን፣ በጥር መጨረሻ ሀዋሳ ተቀጣጠርን። ስድስት ትልልቅ ሰው፣ ስድስት ልጅ። ትንሹ ገና መራመድ የጀመረ፣ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

መጀመሪያ ያሰብነው ሆቴል ነበር። ሀዋሳ ሐይቁን ተከትሎ ማረፊያ ሞልቷል፣ ከእነ ኃይሌ ሪዞርት ጀምሮ እስከ ትንንሽ ፔንሲዮን ድረስ ለየኪሱ የሚሆን አለ። የአዲስ አበባዋ ጓደኛዬ ናት "ሆቴል ይቅርብን" ያለችው። ምክንያቷን ስትነግረን ወዲያው ገባን። ልጆች ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይተኛሉ። ሆቴል ከሆነ ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ እናት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የልጇን ትንፋሽ ታዳምጣለች፣ ወይ ደግሞ ባልና ሚስት ተራ እየገቡ ይጠብቃሉ። አገር አቋርጠን መጥተን በተለያየ ክፍል ልንተኛ? ስለዚህ ሙሉ ቤት ፈለግን። የሰው በሰው አግኝተን፣ በባንክ ቀብድ ልከን፣ ለአራት ሌሊት ያዝን። ኪራዩ ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ቤተሰብ የደረሰው ከአንድ ደህና ሆቴል ክፍል ያነሰ ነው።

የቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ያየሁትን ጉድለት ሁሉ ለቤቱ ባለቤት ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸውም ሰምተውኛል። እያስተካከሉ ያሉትን ሰው ስም ማጥፋት አልፈልግም።

መንገዱን በአጭሩ። ከአዳማ ወጥተን ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ልጆቹ ሳይንገላቱ ተኝተው ሄዱ። ከባቱ በኋላ ግን ጋሪው፣ ከብቱ፣ ባጃጁ አለ፣ ሻሸመኔም ላይ ትንሽ መቆም አለ። ሽንት ቤት፣ ሙዝ መግዛት፣ ያስመለሳት ልጅ ልብስ መቀየር፣ ሁሉም ተደምሮ አምስት ሰዓት ፈጀብን። በጊዜ ውጡ። በብርሃን መድረስ ለምን እንደሚሻል አሁን እነግራችኋለሁ።

ግቢው ሰፊ ነው። አንድ ትልቅ ሾላ አለ፣ ሥሩ ሲሚንቶ መቀመጫ ተሠርቶበታል። ቤቱ ሦስት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ማዕድ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዙሪያውን የሚሄድ በረንዳ አለው። ከበረንዳው ፊት ሣር ነው፣ ሣሩ ቁልቁል ወርዶ አጥር ጋ ይቆማል፣ ከአጥሩ ወዲያ ደንገልና ቄጠማ፣ ከዚያ ሐይቁ። የሰባት ዓመቱ ልጄ ከመኪና እንደወረደ ዝም ብሎ ቆሞ አየው። "ማሚ፣ ይሄ ባሕር ነው?" አለኝ። ሐይቅ ነው አልኩት። "ወዴት ነው የሚፈሰው?" አለ። የዲላዋ ጓደኛዬ ባል ቀበል አድርጎ ነገረው። የትም አይፈስም፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም አለው። ልጁ ነገሩ ከነከነው። ማታ እራት ላይ ሁሉ "ታዲያ የጣሉበት ፕላስቲክ የት ይሄዳል?" ሲል ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ዳር ዳሩን ሳይ ዓይኔ ኮዳውና ፌስታሉ ላይ ነበር የሚያርፈው። የከተማው ሰው ቢያስብበት እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ውሃ በደጁ ያለው ከተማ ስንት ነው?

አሁን ወደ በሩ።

የደረስን ቀን ማታ፣ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ወንዶቹ ዕቃ ያወርዳሉ፣ እኛ አንሶላ እያየን ነው። ልጆቹ ሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል። ሦስት ነው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ድምፅ እንደሌለ ጆሮዬ ነገረኝ። ወጣሁ። ከአጥሩ መሐል ያለው የቆርቆሮ በር ገርበብ ብሏል። እሷ ከበሩ ወዲያ፣ ከቄጠማው ሁለት እርምጃ ላይ ቁጢጥ ብላ ጠጠር ትለቅማለች። ጫማዋ ጭቃ ነክቷል። ስሟን ጮኼ አልጠራሁም፣ ደንግጣ ወደ ፊት እንዳትሄድ ብዬ፣ ቀስ ብዬ ከኋላ ሄጄ አቀፍኳት። "ማሚ፣ ዳክዬ አለ" አለችኝ። ጉልበቴ ከድቶኝ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

በሩን ሳየው መቀርቀሪያው ተሰብሯል። ያሰሩት በሲባጎ ነው፣ እሱም ላልቶ የአራት ዓመት ልጅ ጣት ፈታው። ቀብድ ከመላካችን በፊት "ትንንሽ ልጆች አሉን፣ አጥር አለ ወይ?" ብለን ጠይቀን ነበር፤ "አለ፣ ሙሉ ነው" ተባልን። አጥሩማ አለ። አጥር ግን ያለ በር ምን ያደርጋል? ውሃው ብቻ አይደለም ደግሞ። እዚህ ሐይቅ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ከውሃ ይወጣል። ይህን የሀዋሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እንግዳ ግን አያውቅም፣ በተለይ ልጅ።

ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው የሚጣፍጥ ሴት ናቸው፣ ልጆቹ "እማማ" ነው የሚሏቸው። ደወልኩላቸው። "ውይ ልጄን፣ ነገ ጠዋት ይሠራል" አሉኝ። ጠዋት አልተሠራም። ከሰዓትም አልተሠራም። ሦስተኛው ቀን ላይ ባለቤቴ ገበያ ወርዶ ሰንሰለትና ቁልፍ ገዝቶ መጣ። ያተረፉን ግን የግቢው ጥበቃ ናቸው። ጋሼ የመጀመሪያው ቀን የሆነውን እንደሰሙ ማንም ሳያዛቸው ወንበራቸውን ከዋናው በር አንስተው እዚያ ቆርቆሮ በር ጋ አደረጉት። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሬዲዮናቸውን ይዘው። ትንሹ ልጅ ወደ በሩ ድክ ድክ ባለ ቁጥር አቅፈው ይመልሱታል። ስንለያይ አቅፈው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። በሩን ግን ሰው መሆን የለበትም የሚዘጋው፣ ብረት ነው መዝጋት ያለበት።

ውሃው ውስጥ መግባትን በተመለከተ። የዲላዋ ጓደኛዬ ነርስ ናት፣ ገና ሳንወርድ ሕጉን አውጥታለች። ማንም ልጅ እግሩን ሐይቅ ውስጥ አይነክርም። ቢልሃርዚያ ነው ምክንያቷ። ትሉ ውሃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ነው የሚወጣው፣ ከዚያ በቆዳ በኩል ይገባል፣ ቁስል መኖር እንኳ አያስፈልገውም። ቀንድ አውጣው ደግሞ የሚወደው ልክ ልጆች መንቦራጨቅ የሚወዱበትን ቦታ ነው፣ ጥልቀት የሌለውን፣ ሣር የበዛበትን ዳር። መድኃኒት አለው፣ ግን ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ እያዩ የኛዎቹ መከልከላቸው ቀላል አልነበረም፣ ትልቋ ለግማሽ ቀን አኮረፈችን። መፍትሔውን ያመጣችው ምግብ አብሳይዋ ናት። ሦስት ትልልቅ የልብስ ሳፋ አውጥታ ሾላው ሥር ደረደረች፣ ከቧንቧ ሞላችው፣ ፀሐይ ሲያሞቀው ልጆቹን ለቀቀችባቸው። በቃ። ከዚያ በኋላ ስለ ሐይቁ ያነሳ ልጅ የለም። ስድስት ልጅ፣ ሦስት ሳፋ፣ አንድ የተቀደደ የፕላስቲክ ባልዲ፤ ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ድምፃቸው ብቻ ነበር። የዋና ገንዳ ያለው ቦታ ካልያዛችሁ ይህን አድርጉ።

ምግብ ላይ ይህን ቤት የሚወቅስ ሰው አይኖርም። ማዕድ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ፍሪጅ፣ ባለ አራት ምድጃ ጋዝ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁሉ አለው። ቢላዋው ብቻ አይቆርጥም። ምግብ አብሳይዋ ለብቻ ነው የሚከፈላት፣ ግን ያለ እሷ አትግቡ። ሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ቡርሳሜ ሠራችልን፤ ቆጮውን በቅቤ አሽታ፣ በሸክላው ሻፌታ አቀረበችው፣ ከጎኑ እርጎ። አዳማ ያደጉ ልጆቼ ቆጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የቀመሱት። ወንዱ ልጄ ሁለቴ ጨመረ፣ ሴቷ እርጎውን ብቻ ጠጣች።

ዓሣውን ራሳችን ነን የምንገዛው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን፣ ልጆቹን ይዘን። በእውነት ከጉዞው ሁሉ ልጆቹ ያልረሱት ይህን ነው። ጀልባዎቹ ይገባሉ፣ መረቡ ይራገፋል፣ ወጣቶቹ ቆሮሶውን በአንድ እጅ ይዘው ቅርፊቱን ገፍፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩት ዓይን አይከተላቸውም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ደግሞ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል፣ ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ላይ ያ ቀይ ከረጢት ተንጠልጥሎ፣ ትርፍራፊ ሲወረወር ምንቃራቸውን ያንቋቋሉ። አንዱ አባ ኮዳ ሴቷ ልጄ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ከሷ ይረዝማል። እጄን ጨምቃ ያዘችኝ እንጂ አላለቀሰችም። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ፣ ያ ነጭና ጥቁር ጸጉሩ ሲዘል እንደ ነጠላ ይዘረጋል። ጦጦቹ ግን ደፋር ናቸው፣ የልጅ እጅ ላይ ያለ ሙዝ ይነጥቃሉ፣ ይቧጭራሉም። የሚበላ ነገር በልጅ እጅ አታስይዙ።

ዓሣውን ስትገዙ አጥንቱን አስወጥታችሁ ግዙ፣ ለትንንሾቹ ማለቴ ነው። ያም ሆኖ አትመኑት። የአዲስ አበባዋ ጓደኛዬ ለስድስቱም ልጅ አንድ በአንድ እየፈለፈለች፣ በጣቷ እየዳበሰች ነበር የምታጎርሳቸው፣ የራሷ ቀዝቅዞ። ዩኒቨርሲቲ እያለንም እንደዚያው ነበረች። ለኛ ደግሞ ጥብሱ በዳጣ ቀረበ፣ ሾርባው ሎሚ ተጨምቆበት። ከዚያ ወዲህ አዳማ ላይ ዓሣ አዝዤ አልጣመኝም።

ስለ ጀልባው ጉዞ። ይህ ከቤቱ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ከዳር ካሉት ጀልባዎች አንዱን ነው የተከራየነው። ባለ ጀልባው ልጅ ትሑት ነው፣ ጀልባው ንጹሕ ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው። የተንሳፋፊ ጃኬቱ ግን ሁሉም የትልቅ ሰው ልክ ነው። "ለልጅም ይሆናል፣ እናጠብቀዋለን" አለን። ነርሷ ጓደኛችን ለሰባት ዓመቱ ልጄ አለበሰችውና ማሰሪያውን ሁሉ አጠበቀች። ከዚያ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ጃኬቱ ተንሸራቶ አገጩን አልፎ ጆሮው ላይ ደረሰ፣ ልጁ ከሥር ሊያመልጥ። "ውሃ ውስጥ ደግሞ ይህ ነው የሚሆነው" አለች። ሐይቁ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 20 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ልጆቹ ዳር ቀሩ፣ ትልልቆቹ በተራ በተራ ሄድን። ጉማሬዎቹን በሩቁ አየን፣ ጆሮና አፍንጫ ብቻ፤ ባለ ጀልባው ሞተር አጥፍቶ አልተጠጋም፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል።

የቀረውን ቶሎ ልጨርስ። ሙቅ ውሃ ከሁለቱ መታጠቢያ በአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፣ በሌላኛው "ይሠራል" የተባለው አይሠራም። መብራት አንድ ማታ ሄዶ ሦስት ሰዓት ቆየ፣ ጄኔሬተር የለም፣ ሻማ ግን በየክፍሉ አለ። አጎበር ለሁሉም አልጋ አለ፣ አንዱ ተቀዶ ስለነበር ሰፋሁት። ሀዋሳ የወባ አገር ነው፣ መርፌና ክር ይዛችሁ ሂዱ ብል ማጋነን አይደለም። አንሶላው ፀሐይ የጠገበ፣ ንጹሕ። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ ማንም አልጠየቀም።

አሁን ያን ሁሉ ድንጋጤ አሳልፌ ለምን ተመልሼ እንደምሄድ ልንገራችሁ። በረንዳው ነው ምክንያቱ።

ልጆቹ ሁለት ሰዓት ላይ ሳፋው አድክሟቸው ይወድቃሉ። ስድስቱንም አንድ ክፍል ነው ያስተኛናቸው፣ ሁለት አልጋና ሁለት ፍራሽ ላይ። የክፍሉ መስኮት በረንዳው ላይ ነው የሚከፈተው። አንዱ ቢያስል እንሰማለን፣ አንዷ "ማሚ" ብትል ሦስታችንም እንነሳለን። ከዚያ ቡናው ይፈላል። ወንዶቹ ወደ ሾላው ይሄዳሉ፣ እኛ ጋቢ ተከናንበን እንቀራለን፣ ማታ ማታ ከሐይቁ የሚመጣው አየር ይቀዘቅዛል። የሩቅ ውሻ፣ የእንቁራሪት ድምፅ፣ አልፎ አልፎ ከወዲያ ማዶ የጉማሬው ጉርምርምታ።

የአዲስ አበባዋ ጓደኛዬ እናቷን ካጣች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ለቅሶ ደርሰን ነበር፣ ሁለታችንም። ድንኳን ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጠን፣ ንፍሮ ቀምሰን፣ እሷን በሰው መሐል አቅፈን ተመለስን። በስልክ ስንጠይቃት "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነበር መልሷ ሁልጊዜ። ሦስተኛው ማታ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች። ሆስፒታል ስላደሩበት የመጨረሻ ሌሊት፣ እናቷ ስለጠየቋት አንድ ሻይ፣ እሷ "ሐኪሙ ከልክሏል" ብላ ስላልሰጠቻቸው ሻይ። ዓመት ከመንፈቅ ያንን ሻይ ይዛ ኖራለች። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል አወራች፣ እኛም አለቀስን፣ ከዚያ ደግሞ እናቷ ዶርም መጥተው ጭኮ ያመጡልንን ቀን አንስተን ሳቅን። መሐል ላይ ትንሹ ልጅ ነቅቶ አለቀሰ። እሷ ናት የተነሳችው፣ የራሷ ልጅ አይደለም፣ አዝላው መጣችና አዝላው ወሬዋን ቀጠለች።

ይህን ሆቴል ውስጥ አናገኘውም ነበር። ሎቢ ውስጥ እንዲህ አይወራም።

የወጣን ቀን እማማ ራሳቸው መጡ። የሰንሰለቱን ዋጋ መለሱልን፣ አንቀበልም ብንልም በልጆቹ እጅ አስያዙት። በሩን አብረን ሄደን አየነው። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፣ የልጄን ጫማ ጭቃ ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝ። "እኔ ልጆቼን እዚሁ ነው ያሳደግሁት፣ ለምጄው ነው ያላየሁት" አሉኝ። ይቅርታም ጠየቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላኩልኝ። ቆርቆሮው ተነስቶ የብረት በር ገብቷል፣ መቀርቀሪያው ከላይ ነው፣ ጋሼ አጠገቡ ቆመዋል፣ ቁመቱ እንዲታየኝ ብለው ይመስለኛል። ከጋሼ ትከሻ በላይ ነው። ለሁለቱም ጓደኞቼ ላክሁላቸው። ነርሷ "ከውስጥ ነው ከውጭ የሚቆለፈው?" ብላ ጠየቀች፣ እኔም ደውዬ ጠየቅሁ፣ ከውስጥ ነው። ከፋሲካ በኋላ ላለው ሳምንት ቀብድ ልከናል። የልጆቹን ተንሳፋፊ ጃኬት በየልካቸው ከአዲስ አበባ ገዝታ የምትመጣው ጓደኛዬ ናት።